ፋይል ውስጥ ያለችው ሚስት

«እማማ፣ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ» አለ ቶክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሃምሳ አለቃን ያገባሽው መቼ ነው?»

ሀያቱ ቀና ብላ አየችው። ለቅሶ ቤት ስንት ነገር ይጠየቃል፤ እንዴት ሞተ ይባላል፣ ታሞ ነበር ወይ ይባላል፣ የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር ይባላል። መቼ አገባሽው ሲባል ግን ሰምታ አታውቅም። ቶክ የጡረታ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት የለመደ ረጅም የኑዌር ልጅ። ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ ሥር ተቀምጦ፣ ዱዓው ሲያበቃ እንደ ሰዉ አጽናንቶ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን ጫማውን አውልቆ እስከ ውስጠኛው ክፍል ደጃፍ መጣና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባሏ ሃምሳ አለቃ አብዱልከሪም ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«በአሥራ ሦስት» አለች በመጨረሻ። «በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት፣ ከረመዳን በኋላ። ኒካሁን ያሰሩት ሸኽ አሉ፣ ምስክሮቹም ውጭ ተቀምጠዋል። ምነው?»

«እኔም የማውቀው እንደዚያ ነው። ሠርጋችሁ ላይ ሩዝ በልቻለሁ።»

ከደረት ኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ጠዋት ልጅሽ መሞቱን ልታስታውቅ ቢሮ መጣች። ፋይሉን አወጣሁ። ይሄን አየሁ። እዚያ ምንም አልነገርኳትም፣ ቢሮ ጆሮ አለው። አንቺ ደግሞ አትወጪም። ስለዚህ ኮፒ አድርጌ መጣሁ።»

አትወጣም፣ እውነቱን ነው። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን በባሏ ቤት ትቀመጣለች፤ ዒዳ ነው። ሽቶ የለም፣ ኩል የለም፣ ገበያ የለም። ሠላሳ ዓመት ከባንኮኒ ኋላ ቆማ ሰው ስታስተናግድ ለኖረች ሴት ይሄ ቀላል አልነበረም።

ወረቀቱ የወታደር ፎርም ነበር። ማኅተሙ ኮፒው ላይ ጠቁሯል፣ የእጅ ጽሑፉ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። «የቤተሰብ ሁኔታ» ከሚለው ሥር ሦስት መስመር አለ። ወላጅ፦ የሉም። ልጅ፦ የለም። ባለቤት፦ ሀያቱ ኑሩ፣ ጋምቤላ ገበያ። ቀኑ ደግሞ ጥር 1991 ዓ.ም.።

ሀያቱ ስሟን አነበበች። ቀኑን አነበበች። ተመልሳ ስሟን አነበበች።

«አጀብ!» አለች።

በዘጠና አንድ ሀያቱ የሌላ ሰው ሚስት ነበረች። የመጀመሪያ ባሏ አብዱልባሲጥ ይባላል፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሰው አክባሪ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁ ከሱቁ የማይወጣ ሰው ነበር። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ልጃቸው ሪድዋና በዘጠና አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። አሁን ከጅማ ለለቅሶ መጥታ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች፤ ወረቀቱንም በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አንብባዋለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሪድዋና።

ቶክ ወደ ሀያቱ ዞረ።

«ሁለት መንገድ አለ። የጥያቄው ቅጽ ላይ ጋብቻ የተፈጸመበት ቀን የሚል ቦታ አለ። እዚያ ዘጠና አንድ ብለሽ ከጻፍሽ ከፋይሉ ጋር ይገጥማል። ማንም አይጠይቅም፣ ቶሎ ያልቃል። አሥራ ሦስት ካልሽ አይገጥምም። ፋይሉ ውሸት ነው ይባላል። ፍርድ ቤት አለ፣ ምስክር አለ። በጣም ይቆያል። እሺ ሊሉ ይችላሉ፣ እምቢም ሊሉ ይችላሉ።» ተነሣና ጫማውን ፈለገ። «እኔ ይሄን ጻፊ አልልም። በሰባተኛው ቀን ቅጹን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አስቢ።»

የምታስበው ነገር አልጠፋትም። ጉልበቷ መቆም እምቢ ካላት ጀምሮ ሱቋን ዘግታለች፣ ሁለት ዓመቷ። ቤቱ ኪራይ ነው። የሚኖሩት በአብዱልከሪም ጡረታና በስፌቱ ነበር፤ ስፌቱ እንግዲህ አብሮት ተቀብሯል። ጡረታው ለእሷ ካልተላለፈ ዒዳዋን እንደጨረሰች ጅማ ነው፤ የልጇ ቤት፣ የአማቿ ሶፋ። ሪድዋና ክፉ ልጅ አይደለችም፣ አማቿም ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሀያቱ የባሮን ወንዝ እያየች ያረጀች ሴት ናት፤ ሁለቱም ባሎቿ የተኙት እዚህ ነው። መሄድ አትፈልግም። እዚህ ለመቅረት ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ቀን መጻፍ ብቻ ነው፣ እሱም ቀኑ ውሸት ነው።

ከሁሉ በላይ ያስገረማት ግን ሌላ ነው። በዘጠና አንድ አብዱልከሪም የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር።

የምታውቀው አብዱልከሪም በሁለት ሺህ አራት የጀመረ ሰው ነው። ከሠራዊቱ በጡረታ ተሰናብቶ ጋምቤላ መሃል፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት የማንጎ ዛፍ ሥር የስፌት መኪናውን ተከለ። ድንኳን መስፋት የተማረው በወታደርነቱ ነው፤ ያን ሙያ ይዞ የባጃጅ ወንበር ይሰፋል፣ የተቀደደ ሸራ ይቀይራል። በየሐሙሱ ሱቋ ይመጣል። ጥቁር ወፍራም ክር ይላል፣ ይከፍላል፣ «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል። ዋጋ ተከራክሮ አያውቅም። አብዱልባሲጥ ነፍሱን ይማረውና ይስቅበት ነበር፤ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ቀንሱልኝ አላለም፤ ሳያመው አይቀርም» ይል ነበር።

አብዱልባሲጥ የሞተ ጊዜም ለቅሶ መጥቷል። ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ውሏል፣ ብዙ ሰው ስለነበር ልብ ያለው የለም። ከዚያ በኋላም ሐሙስ፣ ጥቁር ወፍራም ክር፣ አላህ ይስጥልኝ። ሰባት ዓመት እንዲህ ሄደ። በሰባተኛው ዓመት ሽማግሌ ላከ።

ስለነዚያ ሽማግሌዎች ጋምቤላ እስከ ዛሬ ያወራል። አንዱ የመስጊድ ሰው፣ አንዱ የአኙዋክ ዓሣ አስጋሪ፣ አንዱ ቾል የሚባል የኑዌር ባጃጅ ነጂ ነበር። ሦስቱም ለሃምሳ አራት ዓመት ሴት ተልከው አያውቁም። ቾል ጥሎሹ በእነሱ ደንብ መስሎት በር ላይ ቆሞ «ስንት ከብት እንበል?» ብሎ ሌሎቹን ሲጠይቅ ሀያቱ ከውስጥ ሰማችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። ሳቋ ነው እሺ ያሰኛት፣ እሷም አትክድም። ጎረቤቷ ነጅሚያ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ!» ብላ ስትተርትባት፣ «አምባሩ ልኬ ከሆነስ?» አለቻት።

ልኳ ነበር። አራት ዓመት ኖሩ። ማታ ማታ እሱ ክር ያሾራል፣ እሷ ሬዲዮ ታዳምጣለች። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ የቾልን ወንበር ሲሰፋ መኪናው ላይ አጎነበሰ። ክሩን በጥርሱ ሊበጥስ መስሎት ቾል ዝም ብሎ ጠበቀው። ቆይቶ ሲጠራው ግን አልመለሰለትም። በቀብሩ ሰዓት ጋምቤላ መሃል ባጃጅ አልተገኘም፤ ሁሉም መቃብር አጠገብ ተሰልፈው ነበር። ቢሮ የሚሄድ በእግሩ ሄደ፣ ሐኪም ቤት የሚሄድም ቆይቶ ሄደ። ሀያቱ ባሏ ያን ያህል ሰው እንዳለው የሰማችው ከቀብር ከተመለሱት ነው። እሷ ያገባችው አንድ ሰፊ ብቻ መስሏት ነበር።

በአራተኛው ቀን እናትና ልጅ ብቻቸውን ሲቀሩ ሪድዋና በሩን ገርበብ አደረገችው። ወጥ ያመጡት ጎረቤቶች ጓሮ ናቸው፤ ነጅሚያ ድስት ስትከፍትና ስትከድን ይሰማል።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ።»

«ጠይቂ።»

«አባቴ በሕይወት እያለ ነው ወይ?»

ሀያቱ ሊመታት የተነሣ እጅ ያየች ያህል ራሷን ወደ ኋላ አደረገች።

«ወላሂ ልጄ! በዘጠና አንድ ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር። እስከ ትናንት አንቺ የማታውቂውን አላውቅም።»

«ታዲያ ሰው ዝም ብሎ የሰው ሚስት ስም ይጽፋል? ሙሉ ስምሽን፣ አድራሻሽን?»

«እኔስ እሱን አይደል የምጠይቀው! የምጠይቀውን ሰው ግን አፈር አልብሳችሁት መጣችሁ።»

ይሄን ስትል አለቀሰች፤ ከተቀበረ ወዲህ ከልቧ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። ሪድዋናም አለቀሰች፣ ግን ቃሏን አላነሣችም።

«አምንሻለሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ግን ዘጠና አንድ ብለሽ ከፈረምሽ አባቴን ምን አደረግሽው? ከተማው ትንሽ ነው፣ እማ። ነገ ይሰማል። እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሰው በጣቱ ይቆጥራል። ተይው ጡረታውን። ከኔ ጋር ነይ።»

ሀያቱን ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፣ እየቆየም ያንገበግባት ጀመር። ከተጋቡ በዓመቱ ነጅሚያ «በስተርጅና ያገቧት ሚስት ፋይል ላይ ከሌለች ባዶ እጇን ናት» ብላት ሰግታ ነበር። ማታውኑ ነገረችው። «ሃምሳ አለቃ፣ እንዲያው ለነገሩ፣ ስሜን ፋይልህ ውስጥ አስገባው» አለችው። አብዱልከሪም የያዘው መርፌ ቆመ። ቀና አላለም። «አለሽበት» አላት። ሄዶ ያስገባት መስሏት «መቼ?» ስትለው፣ «አለሽበት አልኩሽ እኮ፣ አይዞሽ» ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ያኔ አፍሮ ነው፣ ሞቱን ስላነሣሁበት ነው ብላ ነገሩን ተወችው።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንድ ሽማግሌ መጡ። ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። በፕላስቲክ የተሸፈነ ግማሽ ጆንያ ሩዝ አስይዘዋል።

«ረታ እባላለሁ» አሉ። «የአብዱልከሪም የጦር ሜዳ ጓደኛ ነኝ። አልዌሮ ግድብ አጠገብ የሩዝ መጋዘን እጠብቃለሁ። ዘግይቼ ሰማሁ፣ መንገዱም በዝናብ ተበላሸ። እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ወይዘሮ ሀያቱ።»

ሀያቱ ስሙን ታውቀዋለች፤ አብዱልከሪም አልፎ አልፎ በስልክ የሚያወራው ሰው ነው። አስቀመጠቻቸውና ሻይ አስቀዳችላቸው። ዝናቡ ስላላስወጣቸው ቆዩ። ከዚያ ሳታስበው እጇ ወደ ትራሷ ሄደ። ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻቸው።

ጋሽ ረታ መነጽራቸውን አደረጉ። ገና የመጀመሪያውን መስመር ሲያዩ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው» አሉ።

ሪድዋና ከመጋረጃው ኋላ ወጣች። ጋሽ ረታ አዩዋት፣ ማን እንደሆነች ገባቸው፣ ወረቀቱንም ለሁለቱም እንዲታይ አድርገው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት።

«የሻምበላችን ጸሐፊ ነበርኩ። ጠመንጃም ነበረኝ፣ እስክሪብቶም ነበረኝ፤ የበለጠ የሠራሁት በእስክሪብቶው ነው። አብዱልከሪም የድሮው ሠራዊት ወታደር ነው፤ ሠራዊቱ ሲበተን እዚህ ጋምቤላ የእህል ጆንያ እየሰፋ ይኖር ነበር። የባድመ ጦርነት ሲመጣ የድሮ ሰዎች ተጠሩ፣ እሱም ተጠራ። ጥር ላይ ይሄ ፎርም መጣ። ማጥቃት ሊኖር ነው ማለት ነው። ማንም አይነግረንም፣ ግን ፎርም ሲመጣ ወታደር ያውቃል። የጥይት ሣጥን ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ እየጠራሁ ሞላሁ።»

ሻያቸውን ፉት አሉ።

«በእኛ ዘንድ አንድ እምነት ነበር። የእግዜርም የአላህም አይደለም፣ የወታደር ነው። ፎርሙን ባዶ የተወ ሰው አይመለስም ይባላል። የሚጠራው የለማ፣ ማን ብሎ ይመለሳል? ላጤው ሁሉ ስም ፍለጋ ይጨነቃል። አንዱ የአክስቱን ልጅ ይላል፣ አንዱ አብራው የተማረችውን ይላል። አብዱልከሪም ተራው ደረሰ። ወላጅ አልኩት። ሞተዋል አለ። ልጅ? የለኝም። ባለቤት? የለኝም። እንግዲያ አንተማ ሞተሃል አልኩት፣ ለቀልድ። አልሳቀም። ‹ተመለስ ያለችኝ አንዲት ሰው አለች› አለኝ።»

ሀያቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ማን ናት? አልኩት። ጋምቤላ ባለሱቅ ናት አለ። ‹የምንሄድ ዕለት ክርና መርፌ ልገዛ ገባሁ። የወታደር ልብስ ለብሼ ነበር። ስወጣ በሰላም ተመለስ፣ ስትመለስ ብቅ በል አለችኝ። ሌላ የሸኘኝ ሰው የለም› አለኝ። ስሟን ታውቃለህ? ስለው ‹ሱቁ ላይ ተጽፏል› አለኝ።»

«ታዲያ የት ልጻፍዎት?» አሉ ጋሽ ረታ ሀያቱን። «ፎርሙ ያለው ሦስት መስመር ነው። ወላጁ አይደሉም፣ ልጁ አይደሉም። ተመለስ ያለችኝ ሰው የሚል መስመር መንግሥት አላሳተመ። ባለቤት የሚለው ላይ ጻፍኩዎት። አብዱልከሪም እጄን ያዘ። ‹ኧረ ባለትዳር ናት፣ ሕፃን ልጅ አላት፣ ነውር ነው› አለኝ። ማን ያየዋል፣ ስትመለስ ታሰርዘዋለህ ብዬ እጁን አነሣሁት። ስለዚህ ልጄ» አሉ ወደ ሪድዋና ዞረው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ ያን ቀን ያንቺን አባት አላዋረደም። እኔ ነኝ በችኮላ ያጋባኋቸው።»

ዝናቡ ቀነስ ብሏል። ከጓሮ የነጅሚያ ድስት ድምፅ የለም፤ እሷም ቆማ እየሰማች ነው።

«ተመለሰ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ረታ። «ከሱ ግራና ቀኝ የነበሩት አልተመለሱም። እኔም እግሬን እንዲህ ሆንኩ። ሐኪም ቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ና እንሰርዘው አልኩት። ‹ይዞኝ የወጣ ስም ነው፣ እንዴት እሰርዘዋለሁ?› አለኝ። ጡረታ ሲወጣም ቤተሰብህ ትክክል ነው ወይ ሲሉት፣ ትክክል ነው ብሎ ፈረመ። እብድ ነህ አልኩት። ጋምቤላ የገባ ዕለት ደወለልኝ። ‹ብቅ ብያለሁ› አለኝ። ምን አለችህ? ስለው፣ ‹ምን ልስጥህ አለችኝ› ብሎ ሳቀ። ‹ባሏም ደኅና ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠኝ› አለኝ።»

ሀያቱ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ቀን ፈለገችው። ዘጠና፣ ክረምቱ ሲቃረብ፣ የጭነት መኪናዎች ገበያው ዳር ቆመው፣ ወታደሮች ሲገቡ ሲወጡ። ሪድዋና ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ ይታያታል። ክር የገዛ ሰው ግን የለም። ፊቱ የለም፣ እጁ የለም። በሰላም ተመለሱ፣ ብቅ በሉ፤ ይሄን ለስንቱ ብላዋለች! ለሁሉም ነው የምትለው። ደንበኛ ናቸው፣ ደግሞም ወደ ሞት የሚሄዱ ልጆች ናቸው፣ ምን ይባላል ሌላ? ከአፏ ወጥቶ የረሳችው ቃል ሰው ይዞ ተራራ ወጥቷል፣ ሰው ይዞ ወርዷል፣ ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጧል።

«አላስታውሰውም» አለች። «ያ ረቢ፣ አንዱንም አላስታውሰውም።»

«እሱም ያውቅ ነበር እንደማያስታውሱት» አሉ ጋሽ ረታ። «አልከፋውም።»

ሊሄዱ ሲነሡ ስለ ጡረታው ነገረቻቸው፣ ስለ ሁለቱ መንገድ። ጋሽ ረታ በር ላይ ቆመው አሰቡ።

«እኔ ብሆን እንደተጻፈው ይቅር እላለሁ። ስንት ውሸት በእውነት ማኅተም ያልፋል፤ ይሄኛው ከብዙ እውነት ይሻላል። ግን ፍርድ ቤት ካሉኝም እመጣለሁ። አጥፍቼ ነው የጻፍኩት ብዬ በአምላኬ ስም እምላለሁ።»

በሰባተኛው ቀን ዱዓው ተደርጎ፣ የመጣው ሰው በልቶ ተመርቆ ከተበተነ በኋላ ቶክ ቅጹን ይዞ መጣ። ድንኳኑን እያወረዱት ነበር። ሀያቱ ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፣ ሪድዋና ከጎኗ ናት። እናትና ልጅ ከትናንት ወዲህ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሪድዋና ትናንት ማታ የስፌት መኪናውን አቧራ ስትጠርግ ግን ሀያቱ አይታታለች፤ ጠርጋ ስትጨርስም ብዙ ቆማ ነበር።

ቶክ ቅጹን ሰጣት። ሀያቱ ስሟን ሞላች፣ የሟችን ስም ሞላች። ቀኑ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«እማማ፣ አስበሻል?»

«አስቤያለሁ።» ወደ ልጇ ዞረች። «አብዱልባሲጥ ባሌ ነበር። ደግ ባል ነበር። ከጀርባው ሌላ ሰው ነበረኝ ብዬ አልፈርምበትም። ይሄን ላንቺ ስል አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።»

ሪድዋና ራሷን ነቀነቀች።

«ግን እሱ ብቻ አይደለም» አለች ሀያቱ። «ያ ሰውዬ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቋል። ባሌ ፊት ወንበር ተቀብሎ ተቀምጧል። ባሌን ቀብሮልኛል። ከዚያ ደግሞ ሰባት ዓመት ክር ገዝቷል፣ የሚሰፋው ጠፍቶ ይሁን ተርፎ እንጃለት። በዘጠና አንድ ባሌ ነበር ካልኩ፣ መቼ ጠበቀ? ሰው በራሱ ሚስት ቤት ክር ገዢ ሆኖ ይኖራል? የሠራውን ሥራ ሁሉ ልሰርዝበት ነው እኮ! ለምን? ለጡረታ? አላደርገውም።»

ግንቦት 14 ቀን 2013 ብላ ጻፈች። ፈርማ ቅጹን ለቶክ ሰጠችው። ቶክ ቀኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘው።

«ይቆያል እኮ፣ እማማ። ላይሆንም ይችላል። ነግሬሻለሁ።»

«ይቆይ። የሱ ሚስት ነኝ፣ መጠበቅ አያቅተኝም።»

«ጅማ አትሄድም» አለች ሪድዋና ለቶክ፣ የጠየቃት ሰው ሳይኖር። «እዚሁ ሆና ነው የምትጠብቀው። የቤቱን ኪራይ እኔ አለሁበት።»

ቶክ ቅጹን ቦርሳው ውስጥ አስገባ። የድሮውን ፎርም ኮፒም ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ሀያቱ ቀደመችው። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አደረገችው። ስሟንና ቀኑን ስታይ ሰንብታ ከታች ያለውን አላየችም ነበር። ከማኅተሙ ጥቁረት አጠገብ ቀጭን መስመር አለ፤ የባለቤት ፊርማ ይላል። ባዶ ነው። ማን ይፈርምበታል፣ ባለቤት የተባለችው ያን ቀን ጋምቤላ ጨርቅ ስትለካ ነበር።

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና እስክሪብቶውን አነሣች።

«እማማ፣ እሱ ኮፒ ነው» አለ ቶክ በቀስታ። «የትም አይገባም። ምንም አይሠራልሽም።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

ወረቀቱ ከጉልበቷ ተንሸራተተ። ሪድዋና ጠጋ ብላ ጠርዙን ያዘችላት፣ ሀያቱም ፈረመች።